ቬነስ ያስተረፈችልን ጥያቄ

ዛሬ «አላውቅም» ስላልኩ ተማሪዎቼ አጨበጨቡልኝ!

እዚሁ ሆሳዕና ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ስለ ሰልፈር እያወራን፣ በአልትራቫዮሌት ብርሃን የተወሰደ የቬነስ ፎቶ አሳየኋቸው። በዓይን ሲያዩት ነጭ የሆነው ደመናዋ፣ ብርሃኑን በዋጠበት ቦታ ሁሉ ጠቆር ጠቆር ብሏል።

«ቲቸር፣ ነጭ ቡላ ላይ ቅቤ የፈሰሰበት አተካና ነው እኮ!» አለች ምሕረት። (አተካና የእኛ አካባቢ ምግብ ነው፤ ምሳ ሰዓትም ደርሶ ነበር፤ አልፈረድኩባትም።)

ቀጥላ «ብርሃኑን የሚውጠው ግን ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ሰልፈር ያለበት ነገር ነው ተብሎ ይጠረጠራል። በእርግጠኝነት ግን እኔም አላውቅም፣ እስካሁን ማንም አላወቀም።»

ጭብጨባው ቀለጠ። «ፈተና ላይ አይመጣም ማለት ነዋ!»

ምሕረት ብቻ አላጨበጨበችም። ፎቶውን እያየች ፈገግ አለች፦ «እንግዲያው ለእኛ ተርፎልናል።»

እናንተስ «አላውቅም» ብላችሁ እንዲህ የተደሰታችሁት መቼ ነው?