የአባቴ ጀልባ ክብደት

ፒካፕ ከገዛሁ ወዲህ የማላውቃቸው ዘመዶች በዝተውልኛል። የአንዱን አልጋ፣ የሌላውን ቁም ሣጥን፣ የአማቴን ድንች ከቆጋ ሳመላልስ እሑዶቼ አለቁ። በሥራ ቀን ኮሌጅ አስተምራለሁ፤ በዕረፍቴ ቀን ደግሞ የሰው ዕቃ እጭናለሁ። ታክቶኛል፤ እምቢ ማለት ግን አልሆነልኝም።

በዚህ መሐል አባቴ መጡ። አባቴ ጣና ውስጥ ባለች ደሴት ዕድሜያቸውን ሙሉ ያገለገሉ ቄስ ናቸው። ምእመናኑ አዋጥተው ዓባይ ማዶ ካለ በያጅ ዘንድ የብረት ጀልባ አሠርተዋል፤ ለንግሡ መድረስ አለባት።

«መኪና አለህ አይደል? ትጎትታታለህ» አሉኝ። ጥያቄ አልነበረም።

ጀልባዋን ሳያት ከገመትሁት በላይ ትልቅ ሆነችብኝ። ሊብሬው ላይ መኪናዋ የምትጭነው እንጂ የምትጎትተው አልተጻፈም። ከዱባይ ስለመጣች መመሪያዋ ዐረብኛ ነው፤ ዐረብኛ ለሚያነብ የሥራ ባልደረባዬ ሰጠሁት። ተጎታቹ የራሱ ፍሬን ከሌለው ከሰባት ኩንታል ተኩል እንዳያልፍ ይላል፤ የመኪናዋና የተጎታቹ ድምርም ከነተሳፋሪው ልክ አለው። በያጁ ያዋሰን ተጎታች ደግሞ ፍሬን የሚባል ነገር የለውም። የላሜራውን፣ የተጎታቹን፣ የሞተሩን፣ የአግዳሚዎቹን ክብደት ደመርሁ። አለፈ። መጎተቱንስ ትጎትት ይሆናል፤ የሚያስፈራው ማቆሙ ነው። ወደ ሐይቁ የሚያወርደው መንገድ ቁልቁል ነው፤ ኋላ ያለው ፊት ያለውን ከገፋው ተያይዘን ውኃ ውስጥ ነን።

«አይሆንም፣ አባባ» አልኋቸው።

«ታቦቱ እያለ አንተ ምን ቤት ነህ ኪሎ የምትቆጥር?»

«ፍሬኑን የምረግጠው እኔ ነኛ!»

ተቀየሙኝ። እኔም ተቀየምሁ። ያም ሆኖ ሞተሩንና አግዳሚዎቹን አስፈትቼ በጋሪ ወደ ሐይቁ አስላክሁና እንደገና ደመርሁ። ጀልባዋ ላይ ሰው ካልወጣ፣ ጋቢና ውስጥም ከሁለታችን በቀር ማንም ካልገባ ይሆናል። የኛንም ክብደት አልተውሁም፤ ለኔ ሰማንያ፣ ለአባቴ ሰባ ኪሎ ያዝሁ።

በማግስቱ ጠዋት ተጎታቹን ከፒካፑ ጋር አያይዤ ዞር ስል አባቴ ጀልባዋ ውስጥ ተቀምጠዋል። ባልዲ ገልብጠው፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ መስቀላቸውን ይዘው። ጀልባዋን ሊሸኙ የመጡት መዘምራን ዙሪያቸውን እያሸበሸቡ ነው።

«ይውረዱ፣ አባባ።»

«ባዶዋን አትሄድም። ይችን ቀን ስጠብቅ ነው የኖርሁት። ለከርሞ ንግሥ መድረሴን አንተ ታውቃለህ?»

ዝማሬው ቆመ። ሰው ሁሉ የሚያየው እኔን ነው። ያን ጊዜ ድካሜ ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ፤ ቁልፉን ወርውሬ ቤቴ ሄጄ ብተኛ ደስ ባለኝ።

«ሐይቁ ላይ እስኪበቃዎ ይቀመጡባታል። ቁልቁለቱን ግን ከኔ ጋር ነው የሚወርዱት። ሬሳዎን ለእናቴ ይዤ አልሄድም» አልኋቸው።

ጃንጥላቸውን አጠፉ።

«እንግዲያስ አውርደኝ። ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል።»

ጀልባዋ ላይ ወጣሁ። ሰባ ኪሎ ላነሳ ነውና እግሬን አደላድዬ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ በብብታቸው ሥር እጄን ከትቼ ሳብ አደረግኋቸው። ወዲያው ብድግ አሉ፤ ወደ ኋላ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። ከጋቢው ሥር ያለው አጥንት ብቻ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ መስቀላቸውን ስሳለም እንጂ እሳቸውን አቅፌ አላውቅም፤ ጋቢውንና ጥምጣሙን እያየሁ ያው የድሮው አባቴ ይመስሉኝ ነበር። እንደ ሕፃን ታቅፌ አወረድኋቸው፤ እሳቸውም አንገቴን ያዝ አድርገው ነበር።

ጋቢና አስገብቼ የወንበሩን ቀበቶ አሰርሁላቸው። ኩርፊያው ለቋቸዋል።

«አሁንስ ልኩ ሆነ?» አሉኝ።

«ሆነ፣ አባባ። እንዲያውም ይተርፋል።»

መኪናዋን አስነሥቼ በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብዬ ወጣሁ። ኪሎው ከሚተርፈኝ ቢጎድልብኝ ይሻለኝ ነበር።