ለእትዬ ረሂማ የተገጠመው መብራት

ኢክላስን ለማታውቋት፦ ከኔ አምፖል ሱቅ ጎን፣ ወደ ምን አለሽ ተራ ሲወረድ፣ ፒንሳና ካቻቪቴ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ የምትዞረው ቀጭኗ ኤሌክትሪሻን ናት። አንድ አመል አላት። የገጠመችውን መብራት ቆማ አትፈትሽም፤ ባለቤቱ የሚሆንበት ቦታ ሆና ነው። ለልብስ ሰፊ ከሆነ የስፌት መኪናው ላይ ትቀመጣለች፤ የሕፃን ክፍል ከሆነ ወለሉ ላይ ትድሃለች። "ይቺ ልጅ አብዳለች" ስል ነበር፣ አፌን በቆረጠው!

ባለፈው ጋሽ ባህረዲን፣ የሸማ ተራው ነጋዴ፣ አሮጌ ሚኒባሳቸውን ይዘው መጡ። ወንበሩን አስነቅለው አልጋ፣ ጥቁር መጋረጃ፣ ትንሽ ምድጃ አስገብተውበታል። ቤት ነው በቃ፣ ጎማ ያለው ቤት! ባለቤታቸው እትዬ ረሂማ ወገባቸውን ከታመሙ ወዲህ ብዙ መቀመጥ አይችሉም። ሦስት አረፋ ሙሉ፣ መርካቶ ጭር ብሎ ሰው ሁሉ አገሩ ሲገባ፣ እሳቸው ስልጤ ያሉትን እናታቸውን "ኢድ ሙባረክ" ያሉት በስልክ ነው። እናትየው ደግሞ አርጅተዋል፤ "ዘንድሮ ካልመጣሽ አታገኚኝም" ብለዋቸዋል።

ችግሩ መብራት ነው። ደማቅ ብርሃን ራሳቸውን ይፈልጣቸዋል፤ ጨለማ ውስጥ ደግሞ መኪና ሲሄድ ያዞራቸዋል። ስለዚህ ኢክላስ ጣሪያው ላይ የኤልኢዲ መብራት ዘረጋችና ብርሃኑን የሚቀንሰውንና የሚጨምረውን ቁልፍ፣ ዲመሩን፣ ከኔ ገዛች።

"ለመኪና ይሆናል፣ እትዬ አልጋነሽ?"

"እኔን ነው የምትጠይቂው? ሃያ ዓመት የሸጥኩትን!" ብዬ ተቆጣኋት።

እትዬ ረሂማ መጥተው ተኙ። መጋረጃው ተዘጋ። ኢክላስ ቁልፉን ብታዞር ብታዞር መብራቱ እምቢ! ሽቦውን በቀጥታ ስታገናኘው ደግሞ ቦግ አለ። እትዬ ረሂማ ዓይናቸውን ይዘው ወረዱ።

"ተወኝ ባህረዲን፣ አልሆነልኝም። ለእናቴ አትመጣም በልልኝ።"

ጋሽ ባህረዲን ስልካቸውን አወጡና ሳይደውሉ መልሰው ያዙት።

ኢክላስ ዲመሩን ገልብጣ አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ኪሷ ከተተችው። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሳላነብ ነው የገጠምኩት" አለች። ከኪሷ ነጥቄ ሳየው ጀርባው ላይ 220 ቮልት ተጽፏል፤ የቤት ነው። የመኪናው ባትሪ 12 ነው። ደሜ ፈላ፣ በራሴ!

"ውሸቷን ነው! እኔ ነኝ የሸጥኩላት!" ብዬ ነጠላዬን እንኳ ሳላስተካክል አንዋር መስጊድ ጀርባ ድረስ በረርኩ። ለመኪና የሚሆነውን ዲመር ይዤ ስመለስ ላቤ ጠብ ጠብ ይላል።

ኢክላስ ጫማዋን ደጃፌ ላይ አውልቃ ሚኒባሱ ውስጥ ገባችና ገጠመችው። እንደ አመሏም አልጋው ላይ በጀርባዋ ተንጋለለች። "ኧረ በአላህ፣ ብርሃኑ የሚያርፈው ልክ ዓይን ላይ ነው!" ብላ ብድግ አለች፤ መብራቱን ነቅላም ወደ እግርጌ ወሰደችው።

እትዬ ረሂማ እንደገና ተኙ። ቁልፉን ራሳቸው ያዙት። ቀነሱ፣ ጨመሩ፣ መልሰው ቀነሱ።  እኔ ደጅ ቆሜ በልቤ ማርያምን እለምናለሁ።

"ባህረዲን" አሉ። "ንዳ።"

"አረፋ እኮ ገና አራት ቀን ይቀረዋል!"

"ንዳ አልኩህ! እናቴ ጋ ውሰደኝ።"

ጋሽ ባህረዲን ይሳቁ ያልቅሱ ሳይለይ ጋቢና ገብተው አስነሱት። እልልታዬን አቀለጥኩት። ኢክላስ ውስጥ እንደቀረች ትዝ ያለኝ ጫማዋን ሳይ ነው። ደወልኩላት።

"ዓለም ገና ደርሰናል" አለች እየሳቀች። "ልውረድ ብል እትዬ ረሂማ እጄን አልለቅም አሉ።"