አንድ ከረጢት ሰጋቱራ ይዤ አቧራ መምጠጫ ፍለጋ

ከቤት መነሻ

ዓርብ ጠዋት ከኮልፌ የተነሣሁት አንድ ዕቃ ለመግዛትና በማንም ላለመታለል ነው። ዕቃው የአቧራ መምጠጫ ማሽን ነው። ላለመታለሌ ግን ዋስ የለኝም፤ ከዚህ ከተማ ነጋዴ ጋር የቆየ ትውውቅ አለን።

አናጢ ነኝ። የምሠራው የምኖርበት ግቢ ውስጥ፣ አከራያችን መኪናውን ሸጦ ባዶ ባስቀረው ጋራዥ ነው። ጋራዡንና የምንተኛበትን ክፍል የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። እኔ በዚህ በኩል ዝግባ ስሰነጥቅ ሚስቴ አስካለ በዚያ በኩል ታስላለች። መጀመሪያ ብርድ ነው አልን። ክረምቱ ወጣ፣ ብርዱ ሄደ፣ ሳሉ ግን አልሄደም። የደረት ሐኪሙ ጀርባዋን አዳምጦ፣ ቀና ብሎ የእኔን ልብስ አየና «ወይ ሰጋቱራው ከዚያ ቤት ይውጣ፣ ወይ እሷ ትውጣ» አለኝ።

ጋራዡን ለቅቄ ሌላ ቦታ ልከራይ ብል የምንበላው የለም። የአስካለ ወንድም ተሰማ ወሬውን ሰምቶ ኖሮ፣ እሁድ ከቦንጋ እንደሚመጣና ሰኞ ይዟት እንደሚመለስ ልኮብናል። ተሰማን አውቀዋለሁ። አንዴ ከወሰዳት መመለሷን እንጃ። እንግዲህ እስከ እሁድ አቧራውን ካላስወጣሁ ሚስቴን ያስወጡብኛል። ነገሩ ይኸው ነው።

ማሽኑን ያየሁት ቁም ሣጥን ልገጥም በሄድኩበት ትልቅ ቤት ነው። ሠራተኛዋ እንደ በርሜል የተጋደመ ነገር እየጎተተች በቱቦው ምንጣፍ ታስልሰዋለች። አቧራው የት እንደሚገባ ብጠይቃት «ሆዱ ውስጥ» አለችኝ። አላመንኳትም፤ ግን ከልቤም አልወጣ አለ።

ነጋዴ በራሱ አቧራ ቢያሳየኝ እንደሚያታልለኝ አውቃለሁ። የራሴን ይዤ ልሂድ አልኩ። አስካለ ከሥራ ጠረጴዛዬ ሥር እየዛቀች ባዶ የዱቄት ከረጢት ሰጋቱራ ሞላችልኝ፤ አፉንም ጠበቅ አድርጋ አሰረችው።

«ኮትህን ልበስ። እንዲህ ሆነህ ከሄድክ ዋጋም አይነግሩህ» አለችኝ።

«ኮት ካዩ ደግሞ እጥፉን ነው የሚነግሩኝ።»

«እንግዲያው ራቁትህን ሂዳ!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ዞረ። ኮቴን ለብሼ ወጣሁ።

አውቶቡስ ላይ

የተሳፈርኩት አጠና ተራ ነው። መንገዱ ዳር ገና የተላጠ ባሕር ዛፍ ተከምሮ አየሩ ሁሉ እሱን ይሸታል። ቲኬት ቆራጩ አሥራ አምስት ሳንቲሜን ተቀበለና ከረጢቱን በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገው።

«ይሄስ አባቴ? እህል ከሆነ ይከፈልበታል።»

«ሰጋቱራ ነው።»

«ለሽያጭ?»

«ለፈተና።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «ይለፉ በቃ፤ እግዜር ይማርዎት» አለኝ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀብኝ። ከረጢቱን በጉልበቶቼ መሃል፣ ኪሴን በእጄ ጨብጬ መርካቶ ደረስኩ።

መርካቶ

ሻይ በፓስቲ በላሁና የሱቅ ጽሑፍ እያነበብኩ ተጓዝኩ። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ መሸበት ከጀመረ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። እስከ ዛሬ ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ደላላ ደግሞ ይህን ከሩቅ ያያል።

«ጋሼ፣ ምን ፈልገው ነው? እኔ ጋ የሌለ መርካቶ ውስጥም የለም!» አለኝ ሸምሱ የሚባል ቀጭን ደላላ።

«አቧራ መምጠጫ።»

«ቫኪዩም! አለ! ከፈረንጅ ቤት የወጣ፣ እጅ ያልነካው።»

«ፈረንጁ እጅ የለውም?»

«ጋሼ ደግሞ!»

በጠባብ መተላለፊያ አዙሮ አዙሮ አሮጌ ሬዲዮና ካውያ የሚሸጥበት ሱቅ አስገባኝ። ማሽኑ ቀይ ነው፤ ያብለጨልጫል። ቀለም አፍንጫዬ ያውቃል፤ ከተቀባ ሳምንት አልሞላውም። ነጋዴው የሲጋራ አመድ ምንጣፍ ላይ አራግፎ አስነሣው። አመዱ ጠፋ። «አዩ?» ይለኛል፣ የወርቅ ጥርሱን እያሳየ።

ማሽኑን ገልብጬ ሆዱን አየሁ። አራት የብሎን ቀዳዳ አለ፤ ብሎኑም የለም፣ ብሎኑ የያዘውም የለም።

«እዚህ ላይ የነበረው ጽሑፍ የት ሄደ?»

«እሱማ ጌጥ ነው ጋሼ። ወደቀ።»

ጌጥ አይደለም። ማሽኑ ስንት ቮልት እንደሚወስድ የሚጻፈው እዚያ ላይ ነው። ያለ ልኩ መብራት ላይ የተሰካ ዕቃ ምን እንደሚሆን መሰርሰሪያዬን አቃጥዬ አውቄዋለሁ። ሽቦውን በዓይኔ ተከተልኩት። ግድግዳው ላይ አልተሰካም፤ ወደ ጠረጴዛው ሥር ይገባል። ጎንበስ ብል፣ መብራት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ጆንያ ለብሶ ተቀምጧል።

«ይሄስ?»

«እሱ... የሬዲዮ ነው።»

የእኛን መብራት የማይችል ዕቃ ነው፤ ከረጢቴን ሳልፈታ ወጣሁ። ሸምሱ ከኋላዬ ሮጦ ደረሰብኝ። «የእግሬንስ ጋሼ?»

«እግርህ የት እንዳደረሰኝ አላየህም?»

«የእኔ ሥራ ማሳየት ነው፤ አልገዛም ያሉት እርስዎ!»

እውነቱን ነው። ሻይ ጋበዝኩት። እሱም ሻዩን እየጠጣ፣ አዲሱ ዕቃ ፒያሳ አንድ ሙሴ ሱቅ እንዳለ ነገረኝ። «ግን ያርዱዎታል» አለ፣ እንደሚያዝንልኝ ሁሉ።

ፒያሳ

ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት። ከረጢቱ ሰጋቱራ ሆኖ ሳለ እንዲህ መክበዱ ገርሞኛል፤ ድካም ነው ብዬ ተውኩት።

ሱቁ ባለ መስተዋት ነው። ማሽኖቹ ላይ ዋጋቸው በወረቀት ተለጥፏል። የተለጠፈ ዋጋ አልወድም፤ ባለሱቁ ብቻውን ተከራክሮ የጨረሰው ነገር ነው። ባለሱቁ እዚሁ ከተማ ተወልዶ ያረጀ አርመን ሲሆን ሰው ሁሉ ሙሴ ይለዋል። አማርኛው ከእኔ ይልቅ የጠራ ነው። ይህም አላማረኝም።

«ለምን ሥራ ነው የሚፈልጉት?» አለኝ።

«ለእንጨት ሥራ። ቤቴ ጋራዥ ውስጥ።»

«እንግዲያው ይህ ቁመታሙ አይሆንዎትም። የምንጣፍ ነው፤ የእንጨት ፍቅፋቂ ሲያገኝ ጉሮሮው ይዘጋል። በርሜሉን ይውሰዱ። ቱቦው ሰፊ ነው፤ ውስጡ ያለው ከረጢትም ሸራ ስለሆነ እያራገፉ ይሠሩበታል።»

ርካሹን ጥሎ ውዱን አነሣ። ጠረጠርኩ። ሆዱ ሥር ያለውን ጽሑፍ ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ሁለት መቶ ሃያ ይላል፤ የእኛው መብራት ነው። ሌላ የምይዝበት ሰበብ ስላጣሁ ከረጢቴን ፈትቼ የተወለወለው ወለል ላይ ዘረገፍኩት።

«ይህን ይብላልኝ።»

ሙሴው ወለሉን አየ፤ እኔን አየ፤ ማሽኑን ሰካ። ማሽኑ ጮኸ፣ ሁለት ጊዜ ጎረሰ፣ ከዚያ ድምፁ ቀጥኖ ታነቀ። ሰጋቱራው እዚያው ነው።

«ይኸው!» አልኩ። በንዴት አንቱታውንም ረሳሁት። «የመርካቶው ሌባ እንኳ አመድ ያስበላል! አንተ መስተዋት ገጥመህ ነው የምትሰርቀው?»

ሙሴው ቱቦውን ነቅሎ በጣቱ ጎረጎረና አንድ ድብልብል አወጣ። መዳፉ ላይ አገላበጠው።

«ጌታዬ፣ ይህ ሰጋቱራ ነው ወይስ ጭኮ?»

ነካሁት። እርጥብ ነው።

«ማን አራሰው?»

ማን እንዳራሰው ወዲያው ገባኝ። እኛ ሰፈር ውኃ ሳይረጭ አይጠረግም። አስካለ ቤቱንም ደጁንም መጥረጊያ ከማንሣቷ በፊት ከጣሳ በእጇ እየጨለፈች ትረጨዋለች፤ አቧራ የምትችለው በዚያ ነው። አውቶቡስ ላይ ቦንኖ ኮቴን እንዳያበላሸው ብላ ሰጋቱራውንም ረጭታ ሞላችልኝ። በዚያ ቀን ያልጠረጠርኩት አንድ ነገር ቢኖር ይሄ ከረጢት ነበር።

ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ። «ቤት ነው ያራሱት» የሚል ብቻ ወጣ።

«ይደርቃል» አለ ሙሴው።

ከሱቁ ፊት ፀሐይ አለ። እሱ አሮጌ ጋዜጣ አነጠፈ፤ እኔ ሰጋቱራውን አሰጣሁ። ሁለት በርጩማ አወጣና ግራና ቀኝ ተቀመጥን። ክራባት ያሰረ ሰው በሚመላለስበት ጎዳና አንድ አርመንና አንድ አናጢ ስጥ ይጠብቃሉ።

«ጋሼ፣ የዘንድሮ ጤፍ ቀላ አለሳ!» አለ የሚያልፍ ጎረምሳ።

«ዶሮ እንዳይጨርስባችሁ!» አለ ጓደኛው።

«ዶሮዎቹማ መጡ» አለ ሙሴው ወደ ሁለቱ እያየ። በዚያ ቀን መጀመሪያ የሳቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ደግነቱ ግን አላስቀመጠኝም። «ሰድቤዎት ሳለ ለምን እንዲህ ይለፉልኛል?» አልኩት።

«ይህን ዕቃ ካስመጣሁ ወዲህ ሁለት ብቻ ነው የሸጥኩት። ሠራተኛና መጥረጊያ ባለበት አገር ማን ይገዛዋል? ሰጋቱራ ተሸክሞ የመጣ ሰው አግኝቼ ልልቀቅዎት?»

ይህን ሲለኝ ትንሽ አመንኩት። ለትርፉ የሚለፋ ሰው ይገባኛል። የሚያስፈራኝ በነፃ የሚለፋው ነው።

ሰጋቱራው ሲደርቅ እንደገና ወለሉ ላይ አፈሰስነው። ማሽኑ ላሰው። አንድ ፍሬ አልቀረም። ሙሴው ደስ ብሎት ሊያጠፋው ሲል «ቆይ» አልኩ። ከፊት የሚስበው ነፋስ በሆነ በኩል መውጣት አለበት። ጥቁር ኮቴን አውልቄ ከኋላው፣ ትንፋሹ በሚወጣበት በኩል ዘረጋሁና ጋዜጣው ላይ የቀረችውን ሰጋቱራ አስበላሁት።

ኮቴ ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለ። እንደ በርበሬ የላመ፣ በጣት ሲነካ የማይሰማ ዱቄት። ማሽኑ ሻካራውን ይበላል፤ ደቃቁ ሸራውን አልፎ በኋላው ይወጣል። የአስካለ ደረት ውስጥ የሚገባው ደግሞ ደቃቁ ነው።

ሙሴው ኮቱን ነክቶ ጣቱን አየ። «ምንጣፍ የሚጠርግ ሰው ኋላውን አያይም» አለ። «ወይ አይግዙኝ፤ ወይ ደግሞ ማሽኑን ውጭ አስቀምጠው ቱቦውን ብቻ በግድግዳው ያስገቡ። የሚተፋውን ሜዳ ላይ ይትፋ። ቱቦ እቀጥልልዎታለሁ።»

«በዋጋ?»

«በዋጋ።»

ገዛሁት። መቶ አርባ ብር፣ ያለ አንድ ሳንቲም ቅናሽ። የቁም ሣጥኑ ገንዘብ እዚያው ቀረ።

ወደ ኮልፌ

አውቶቡስ ውስጥ ማሽኑን እንደ ሕፃን ታቅፌ ተቀመጥኩ፤ ቱቦው አልታጠፍ ብሎ በመስኮት ወጣ። «አባቴ፣ ዝሆን ገዙ እንዴ? ኩምቢውን ያስገቡልን!» አለ አንዱ። እኔ በመስኮቱ የወጣውን ጫፍ አጥብቄ ያዝኩ።

ቅዳሜ የጋራዡን የውጭ ቆርቆሮ በስቼ ቱቦውን አስገባሁ፤ ማሽኑን ከጣራው ክፈፍ ሥር ሣጥን ላይ አስቀመጥኩት። ዝግባ ሰነጠቅሁ፣ ላግሁ፣ ፈተግሁ፤ ወለሉን ሁሉ አስላስኩት። እንጀራ ቢወድቅ አንስተው የሚበሉት ወለል ሆነ።

እሁድ

ተሰማ ኮረሪማና ማር ይዞ ገባ። ማሽኑን ዞሮ አየው።

«እህቴን የምታድናት በዚህ ጡሩምባ ነው?»

«አስነሥቼ ላሳይህ።»

«እኔ ጩኸት ልሰማ ነው እንዴ የመጣሁት? ሰኞ ጠዋት እንሄዳለን።»

«የትም አትሄድም!»

«ኧረ እናንተ ሰዎች!» አለች አስካለ ከመኝታው ክፍል በር ላይ። «የምተነፍሰው እኔ፣ የምትጨቃጨቁት እናንተ። እስቲ ኑ።»

ተከተልናት። በርጩማ ላይ ወጥታ እጇን ግድግዳው አናት ላይ፣ ከጣራው ቆርቆሮ በታች ሰደደችው። እዚያ ክንድ የሚያሳልፍ ክፍተት አለ። ክንዷ ወደ ጋራዡ ገብቶ ነጭ ሆኖ ወጣ።

«ወለሉን ጠርገሃል፤ እሰይ» አለችኝ። «በብርጭቆ ወረቀት ስትፈትግ የሚነሣው ግን በዚህ ነው የሚመጣው። ጠዋት ፀሐይ ስትገባ ሲወርድብኝ ተኝቼ አየዋለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ?»

ክፍተቱን ቀና ብዬ አየሁት። እሷ ግን አልጨረሰችም። «አውቶቡሱ ነገ ነው። እስከዚያ ከዘጋኸው እቀራለሁ። ካልዘጋኸው ከወንድሜ ጋር እሄዳለሁ፤ እኔም ሳንባ አለኝ።»

ለአንድ ደንበኛ ያስቀመጥኩትን ስስ ጣውላ፣ ኮምፔንሳቶ አውጥቼ መቁረጥ ጀመርኩ። መዶሻው ሲሰማ ጎረቤታችን እማማ ደስታ ከአጥሩ ማዶ «ሰውዬ፣ ሰንበት አይደለም እንዴ!» አሉ።

«ለንስሐ አባቴ ይንገሩልኝ!»

ተሰማ እጁን አጣምሮ ያየኛል። ሰሌዳው ሰፊ ስለሆነ አንዱን ጫፍ ስመታ ሌላው ይወርዳል። ሦስት ጊዜ ሲወርድ አይቶ ጋቢውን ጣለና ጫፉን ያዘልኝ።

«ጠማማ ነው» አለ።

«ጠማማው ዓይንህ ነው። ዝም ብለህ ያዝ።»

የቀረውን ስንጥቅ ሁሉ ጭቃ በጭድ አቡክተን ደፈንነው። ሰኞ ጠዋት አስካለ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር በእጇ ዳሰሰችው። ከዚያ ለተሰማ ስንቁን ብቻ ቋጠረችለት። ብቻውን ተሳፈረ።

ቤቱ ውስጥ ለሚሠራ ሰው የምለው ይህን ነው። ማሽን ስትገዛ ሆዱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብብ። ሽቦውን እስከ መጨረሻው ተከተል። ሰጋቱራህ ደረቅ ይሁን። ከፊቱ ሳይሆን ከኋላው ቁም። ይህን ሁሉ መጠርጠር አስተምሮኛል፤ አልጸጸትበትም። ግን ከመርካቶ ፒያሳ ስዞር፣ አቧራውን የምትተነፍሰዋን ሰው በየት በኩል እንደሚመጣባት አልጠየቅኋትም። እሱን ብጠይቅ ጉዞው ባይቀርም ከግድግዳው በጀመርኩ ነበር።

ሳሉ ቀንሷል፤ አልጠፋም። አሁን ስሠራ ጆሮዬ በግድግዳው ማዶ ነው። ስታስል ከሰማሁ መላጊያዬን አስቀምጬ በርጩማ ላይ እወጣለሁ፤ የትኛው ስንጥቅ እንደተከፈተ በእጄ እፈልጋለሁ።