ቅሬ የሌለበት ከተማ

ቅጹ ላይ ሌላው ሁሉ ተሞልቶ አንዲት መስመር ብቻ ቀርታ ነበር፤ «ለመኖር ያሰቡበት ከተማ» የምትል። ባለቤቴ ነርስ ናት። የካናዳው ዕድል የመጣው በእሷ ሙያ ሲሆን፣ እኔ ማመልከቻዋ ውስጥ «የትዳር ጓደኛ» ተብዬ የገባሁ፣ ወልድያ ውስጥ ጂኦግራፊ የማስተምር ሰው ነኝ። ቢሆንም ማንም ሳይሾመኝ ራሴን ከተማ መራጭ አድርጌ ሾምኩ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የሰው ልጆችን ካርታ ፊት እያቆምኩ ወንዝና ተራራ ያስጠራሁ ሰው፣ ለገዛ ልጆቼ አንድ ከተማ መምረጥ ያቅተኛል ብዬ አላሰብኩም።

መስመሯን ሞልተን እንድንልክ ሦስት ወር ተሰጥቶናል። እኔም የተረፈ የፈተና ወረቀት ገልብጬ ሰንጠረዥ ሠራሁ፤ ብርዱን በሰማያዊ፣ የቤት ኪራዩን በቀይ። ሦስት ከተሞች ነበሩ። ቶሮንቶን ያስገባችው ትልቋ ልጃችን ናት፤ ምክንያቷ ስልክ ላይ ያየችው ረጅም ግንብ ነው። የቤት ኪራዩን ስናይ ግንቡን በስልክ ማየቱ ይበቃታል ተባባልን። ካልጋሪ የአገር ሰው ሞልቷል፤ ከመርሳ የሄዱ ሁለት ቤተሰቦች እንኳ አሉ። ሳስካቱን ግን አንድም የምናውቀው ሰው የለም። እዚያ ያለው ሥራ ነው። አንድ ሆስፒታል ባለቤቴን በስልክ አነጋግሮ እንደሚፈልጋት ነግሯታል። ካልጋሪ ከሄድን በሙያዋ ሥራ እስክታገኝ ዓመት ወይ ሁለት ዓመት የተገኘውን እየሠራን መጠበቅ እንዳለብን፣ የሄዱት ራሳቸው አልደበቁንም።

ሰንጠረዡን ይዤ አባቴ ጋ ሄድኩ። አባቴ መርሳ አጠገብ ባለች መንደር ይኖራሉ፤ ከወልድያ በሚኒባስ ሲሪንቃን አልፎ አንድ ሰዓት አይሞላም። ስደርስ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው ለማንጎዎቻቸው ውሃ እየመለሱ ነበር። ቦዩ ዳር ቆሜ እንደ ተማሪ አነበብኩላቸው።

«ሳስካቱን በብርዱ ወራት ከዜሮ በታች ሠላሳ ይደርሳል» አልኳቸው።

«ምን ማለት ነው እሱ?»

«ውሃው ብቻ አይደለም፣ መሬቱም ይጠነክራል። ድንጋይ ነው የሚሆን።»

አካፋቸውን ተደግፈው ትንሽ አሰቡ። «እና በዚያን ጊዜ ሰው ሲሞት በምን ይቆፍሩታል?»

ሰንጠረዤ ላይ እንዲህ ያለ ዓምድ አልነበረም። አላውቅም አልኳቸው፤ አላውቅም ማለት ደግሞ ከሙያዬ አንጻር ብዙም የማልወደው ነገር ነው።

«እሺ ተወው» አሉ። «ቅሬስ አለ?»

ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ እኛ ዘንድ ግን እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ መዝገብ ነው የሚጻፈው። ክርስቲያን ሲሞት እስላሙ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ እስላም ሲሞት ክርስቲያኑ ቃሬዛ ይሸከማል። አባቴ የመንደሩ ቅሬ ዳኛ ናቸው። ቀብር ካለቀ በኋላ ሰው ሜዳ ላይ ቁጭ ይልና ጸሐፊው መዝገቡን ከፍተው ስም ይጠራሉ። የመጣ «አለሁ» ይላል፣ የቀረ ይቀጣል። አባቴ በዚህ ቀልድ አያውቁም። የገዛ ወንድማቸው አሞት ተኝቶ ሳለ «ሰው ልኮ አላስታወቀም» ብለው ቀጥተውት፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ስድስት ወር ተኳርፈው ከርመዋል። እኔም ትዳር ከያዝኩ ጀምሮ ስሜ እዚያው ነው ያለው። ወልድያ ብኖርም ሰው ሞተ ሲባል ከክፍል ወጥቼ ሚኒባስ እይዛለሁ።

አንድ ጊዜ ብቻ ቀርቻለሁ። መንገዱ በተዘጋበትና ስልክ በጠፋበት በዚያ ክፉ ጊዜ እናቴ ሞተች። እኔ ወልድያ ነበርኩ፤ ያቺን የአንድ ሰዓት መንገድ ተሻግሬ መድረስ አልቻልኩም። የሰማሁት ከተቀበረች ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ጉድጓዷን የቆፈሩት የቅሬው ጸሐፊ፣ አንገታቸው ላይ ማዕተብ ያሰሩት ሽማግሌ፣ ከልጃቸው ጋር ሆነው ነው። ስለዚህ አባቴ ቅሬ አለ ወይ ሲሉኝ ምን እየጠየቁኝ እንደሆነ አውቄ አጣራለሁ አልኳቸው።

ወደ ቤቴ ተመልሼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ካልጋሪን እንምረጥ፣ ቢያንስ ሰው አለ አልኳት። የምታጥፈውን የልጆች ልብስ አስቀምጣ አየችኝ።

«አንተ የምንሞትበትን ከተማ ነው እንዴ የምትመርጠው?» አለች። «እኔ የምንኖርበትን ነው የምፈልገው። ልጆቹ ገና ምኑንም አላዩ።»

ትክክል ነበረች። ትክክል ስትሆን ደግሞ ድምጿን ከፍ አታደርግም፤ ያ ነው የሚያናድደኝ። ትንሽ አኮረፍኩ፣ ከዚያ ሳስካቱን ይሁን አልኩ። የቀረው አባቴን ማሳመን ነበር፤ ያለ ምርቃታቸው ደግሞ ከዚህ አገር እግሬን አላነሳም።

በሁለተኛው ሳምንት ልጆቹን ይዘን መርሳ ወረድን። አባቴ ለልጅ ልጆቻቸው ብርቱካን እየላጡ፣ ቀና ሳይሉ «የቅሬውን ነገር አጣራህ?» አሉኝ።

«አዎ አባ። አለ።»

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ጉልበታቸው ላይ የተቀመጠውን ትንሹን ልጄን እያየሁ ነበር፤ ዳግመኛ የሚያዩት መቼ እንደሆነ እያሰብኩ ነበር፤ አለ አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ። ስንት አባወራ ነው?»

«ሠላሳ ስምንት።»

«ዳኛው ከየት ነው?»

«የቆቦ ሰው ነው አሉ።»

«እንዴት ያለ ሰው ነው?»

«በጣም ጥሩ ነው። ሁሉም ይወደዋል።»

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁና ብርቱካኑን ለልጄ ሰጡት። ባለቤቴ አንድ ጊዜ አየችኝና ዓይኗን መለሰች። ስንመለስ ሲሪንቃ ላይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ግን ቆቦን ከየት አመጣኸው?» አለችኝ። ሳቄ መጣ።

ውሸቴ ያመጣውን ጣጣ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ሰው በሁለት ቅሬ አይያዝም፤ አዲስ ያገኘ ከድሮው በደንቡ ይሰናበታል። የቅሬው ስብሰባ ቀን አባቴ አስጠሩኝ። ሰው ሁሉ ባለበት ተነሥተው «ልጄ በሚሄድበት አገር ቅሬ አግኝቷል። ልቀቁልኝ፣ አውፍ በሉት፣ ይቅር በሉት» አሉ። ከዚያ ቀጥ ብለው ቆመው ያዩኝ ጀመር። ምን እንደሚጠብቁ አልገባኝም። እጅ ሁሉ ተዘረጋ፤ ዱአው ወረደ። አላህ ይወፍቅህ፣ ያሳካልህ አሉኝ፤ ጸሐፊውም እግዜር መንገድህን ያቅናልህ አሉኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተመረቅሁበት ጊዜ የለም፤ እንደዚያ ቀንም አፍሬ አላውቅም። መሬት መሬት እያየሁ አሜን አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያቺን መስመር መሙላት አቃተኝ። ሳስካቱን ብዬ ልጽፍ እቀመጥና ሌላ ሥራ አገኛለሁ። የብርዱን ቁጥር እንደገና አጣራለሁ፤ የትምህርት ቤቱን ርቀት እለካለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ታገሠች፣ ቀጥላ ተቆጣች፣ በመጨረሻ ፈራች። «ካልጋሪን ከፈለግህ ንገረኝና ካልጋሪ እንበል። ብቻ ቀኑ እንዳያልፍብን» አለችኝ። አሥር ቀን ቀርቶን ነበር። የያዘኝ ከተማው እንዳልሆነ ልነግራት ፈልጌ አፈርኩ። መርሳ ላይ ስሜ ተፍቋል፤ እዚያ የሚጠብቀኝ መዝገብ የለም። ዐርባ ሦስት ዓመት ሆኖኝ፣ የትም ያልተጻፍኩ ሰው ሆንኩ ብዬ እንደ ልጅ ከፍቶኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ከአባቴ ቤት ሁለት ቤት አልፎ የሚኖሩ ጎረቤታችን አረፉ። እናቴ ታማ በተኛችበት ጊዜ ያስታመሟት እሳቸው ናቸው። ቅሬው አይጠይቀኝም፣ ግን እንዴት እቀራለሁ። መኪናው እስኪሞላ ቆሞ ቆሞ አረፈድኩ። ክርስቲያን ነበሩና ቀብሩ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ስደርስ አፈሩ ተመልሶ፣ ሕዝቡ ከቅጥሩ ውጭ ያለው ሜዳ ላይ ተቀምጧል። ከኋላ፣ ከሌላ ቀበሌ የመጡ እንግዶች መካከል ቦታ አገኘሁና ቁጭ አልኩ። አባቴ ከፊት፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀምጠዋል። መምጣቴን አላወቁም።

ጸሐፊው መዝገቡን ከፍተው መጥራት ጀመሩ። አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ እያለ ሄደ። ከዚያ የእኔን ስም ከነአባቴ ስም ጠሩት።

ሽማግሌው ረሱ ብዬ አሰብኩ። አባቴ አንገታቸውን ሳያዞሩ፣ ተራ ነገር እንደሚመልስ ሰው፣ «አለ» አሉ። ጸሐፊው ምልክት አድርገው ወደሚቀጥለው አለፉ። ማንም ዘወር አላለም፣ ማንም አልሳቀም። አጠገቤ የተቀመጠው እንግዳ፣ እዚህ ቀብር ደጋግሞ የመጣ መሆን አለበት፣ ማን እንደሆንኩ ሳያውቅ «ለልጃቸው እኮ ነው። በየቀብሩ እንደዚህ ይላሉ» አለኝ።

የታመመ ወንድማቸውን እንኳ የቀጡት አባቴ። አንገቴን ደፍቼ አለቀስኩ። ለቅሶ ቦታ ስለነበር ለምን ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።

ሰው ሲበተን ጠብቄ ደረስኩባቸው። ደንገጥ ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ትከሻዬን ያዙኝና ወደ ቤት መሄድ ጀመርን። ጥቂት እንደሄድን «አባ፣ ሳስካቱን ቅሬ የለም። ዋሽቼዎት ነው» አልኩ።

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረዎት?»

«አንተ ነሃ። ዳኛውን ሁሉም ይወደዋል አልከኝ። እኔ ስንት ዘመን ዳኛ ሆኜ የወደደኝ ሰው አላየሁም። ወላሂ ቅሬ ቢኖር ኖሮ ዳኛውን ሲያሙት ነበር የምትሰማ።»

«ታዲያ ሰው ፊት አቁመው ለምን አስመረቁኝ?»

«‹የለም አባ› ትላለህ ብዬ ስጠብቅ ነበር። አሜን ብለህ ቁጭ አልክ።» ትንሽ ሳቁ። «በማግስቱ ጸሐፊው ዘንድ ሄጄ እንዳትፍቀው አልኩት። ሊፍቀው ብዕርም አላነሣ ኖሯል።»

«እና በየቀብሩ ‹አለ› ይላሉ? አንቱ?»

«ስምህ ተጠርቶ ዝም ሲባል የሞትክ ይመስለኛል» አሉ። «አልቻልኩትም። አለህ አይደል፤ የት እንዳለህ እንደሆን አላህ ያውቃል።» ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ በዳኛ ድምፃቸው፣ «ልጅቱ ሥራ ያገኘችበት ሂዱ። ልጆቹ ይማሩ። ቅሬህ እዚህ ነው» አሉኝ።

የዐስር ሶላት ደርሶ ነበርና ውዱእ ሊያደርጉ ወደ ቦዩ ቀድመውኝ ሄዱ። ከኋላዬ ጸሐፊው መዝገባቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው ሲመጡ አየሁ። እናቴን የቀበሩት ሰው ናቸውና፣ ለሌላ ሰው የማልለውን ለእሳቸው ለማለት አፌን ከፈትኩ።

«ጋሼ፣ አባቴ ያረፉ ቀን ስም ሲጠራ...» ብዬ መጨረስ አቃተኝ።

ሽማግሌው ቆሙ። መዝገቡን ወደ ሌላው ብብታቸው አዛወሩት። «ያን ቀን የምጠራህም እኔ፣ ‹አለ› የምልልህም እኔ» አሉ። «እኔ ከቀደምኩ ልጄን አስጠንቅቄዋለሁ፤ መዝገቡን የሚረከብ እሱ ነው። አሁን ይልቅ ሂድና ለአባትህ ውሃ አፍስስላቸው፤ ጎንበስ ማለት አቅቷቸዋል።»

ሄጄ ከቦዩ በጆግ እየቀዳሁ አፈሰስኩላቸው። እጃቸውን፣ ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን ታጠቡ፤ ራሳቸውን አበሱ። እግራቸው ላይ ሲደርሱ ተረከዛቸው ላይ ያለውን ስንጥቅ እስከ ዛሬ ልብ ብዬ አይቼው እንደማላውቅ ታወቀኝ። ቀስ ብዬ በእጄ አጠብኩላቸው፤ አልከለከሉኝም።

«ደርሰህ ስታየው» አሉ አባቴ፣ ትከሻዬን ተደግፈው እየተነሡ፣ «በምን እንደሚቆፍሩ ደውለህ ንገረኝ።»

እሺ አልኳቸው። ሰኞ ዕለት፣ ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ እያየችኝ፣ ሳስካቱን ብዬ ጻፍኩ።