ቱቦው ትንሽ ጠቦባታል

ኦክላንድ በሚገኝ አንድ የሕፃናት ሆስፒታል አስተርጓሚ ነኝ። በጃንሆይ ጊዜ ለትምህርት መጥቼ እዚሁ የቀረሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ላብራቶሪ ውስጥ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ቤት መቀመጥ አላስችል ብሎኝ ነው ወደዚህ ሥራ የገባሁት። አማርኛዬ አይታማ፣ እንግሊዝኛዬ አይታማ፤ ከኔ በላይ ላሳር ብዬ ነበር የምኖረው። ያን ቀን ግን እንዴት እንደደነገጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ድንጋጤው እስከ ዛሬ ከላዬ አልወረደም።

የልብ ክፍሉን ሦስት ሐኪሞች አንድ ነገር እረፍት ነስቷቸው ነበር። በሕፃንነታቸው የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው የሐበሻ ልጆች ለቀጣዩ ሕክምና መምጣት በሚገባቸው ጊዜ አይመጡም። የሚመጡት ልባቸው ከደከመ በኋላ ነው። ሐኪሞቹ በምሳ ሰዓታቸው ተሰብስበው ፋይል ያገላብጣሉ። ደብዳቤው አልደረሳቸው ይሆን? የሚያመጣቸው ሰው አጥተው ይሆን? ከሥራ መቅረት አልቻሉ ይሆን? አንድ ቀን እኔንም ጠርተው ጠየቁኝ። "የኛ ሰው ቸልተኛ ነው፤ ለእግዜር ትቶት ቁጭ ይላል" አልኳቸው፣ አፌን ሞልቼ። አሁን ትዝ ሲለኝ ያን አፌን በጥፊ ባልኩት እላለሁ።

በመጨረሻ አዲስ አሠራር አመጡ። ወላጆች ከሐኪም የሰሙትን በራሳቸው አነጋገር መልሰው ይንገሩን አሉ። ቤት ስትገቡ ባለቤታችሁ ምን ተባላችሁ ቢል ምን ትሉታላችሁ ተብለው ይጠየቃሉ። ጉድ እኮ ነው! ትልቅን ሰው እንደ ተማሪ አስቀምጦ መፈተን! ደግሞስ እኔ ተርጉሜላቸው ምን የሚያመልጣቸው ነገር አለና? ቅር አለኝ፤ ቅሬታዬንም ደብቄ አላደርኩም፤ ከሦስቱ በዕድሜ ትንሿን ሐኪም ኮሪደር ላይ አግኝቼ ነገርኳት። ሳቅ ብላ "እስቲ እንሞክረው" አለችኝ።

የመጀመሪያዋ ተጠያቂ ከጎረቤት ከተማ፣ ከሳን ሊያንድሮ የምትመጣ እናት ሆነች። ልጇን ገና በደረቷ ታቅፋት ከምትመጣበት ጊዜ ጀምሮ አውቃታለሁ። ልጅቷ ስትወለድ ከልቧ ወደ ሳንባዋ ደም የሚወስደው መንገድ አልነበራትም። ሐኪሞቹ ቀደው ቱቦ ገጠሙላት። ቱቦው ግን ዕቃ ነው፤ እሷ ስታድግ አብሯት አያድግም። አሁን ስድስት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ እንደ ጅራፍ፣ ሰውነቷ ግን የአራት ዓመት ልጅ ያህል ነው። አማርኛውን አንድም ሳይቀር ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው።

ያን ቀን ጠዋት እናቲቱ ፊቷ በርቶ ገባች። "እትዬ፣ አዲስ አበባ ልንሄድ ነው! እህቴ ልታገባ ነው። የቱቦ መቀየሪያውን አፖይንትመንት ካንስል ያደረግኩት ለዚያ ነው። የሦስት ወር መድኃኒት ይጻፉልን ብለው ይንገሩልኝ።"

"እሰይ! እንኳን ደስ ያለሽ" አልኳት። ልጅቷን ደግሞ ምን እየሣልሽ ነው ብላት ቀና ሳትል "ኤርፕሌን" አለችኝ። ሠርጉን ምርቃቴን ጨምሬበት፣ የቀጠሮውን መሰረዝም ለትንሿ ሐኪም ተረጎምኩላት። በቀን ስንት ሰው ነው የማስተረጉመው፤ ባለፈው ምን እንደተባለች ያኔ ትዝም አላለኝ።

ሐኪሟ ኮምፒዩተሩን ትታ ዞረች። ለስንት ጊዜ እንደሚሄዱ ጠየቀች፤ ሦስት ወር አልኳት። ከዚያ ያን አዲሱን ጥያቄ አነሳች፤ "ባለፈው ጊዜ የነገርኩሽን ለባለቤትሽ ምን ብለሽ ነገርሽው?"

እናቲቱ አላቅማማችም። "ቱቦው ትንሽ ጠቦባታል፣ ጊዜ ስታገኙ ይቀየርላታል፣ እስከዚያው ሩጫ አታብዙባት ተባልን አልኩት" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ "አይደል እትዬ?" አለችኝ።

ጆሮዬ ጭው አለ። ቃሉ የኔ ነው! አንድ በአንድ የኔ ነው። "ትንሽ"ም የኔ፣ "ጊዜ ስታገኙ"ም የኔ። ሐኪሟ ያኔ፣ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ ያለችው እኮ ሌላ ነበር። "ቱቦው በጣም ጠቧል። በዚህ ሰመር ካልተቀየረ ልቧ ይደክማል። ድንገት ልትሞት ትችላለች" ነበር ያለችው።

እንዴት እንዲህ አደረግሽ ትሉኝ ይሆናል። እኔም ራሴን ስጠይቅ ነው የከረምኩት። ልጅቷ እዚያው ቁጭ ብላ እየሰማች ነበር። እናቲቱ ቁርስ እንኳ ሳትቀምስ ነበር የመጣችው። እኛ ክፉ ወሬ እንዲህ ፊት ለፊት ተናግረን እናውቃለን? የኔ ወንድም አገር ቤት ሲሞት እዚህ ያሉት ወዳጆቼ "ትንሽ አሞታል" እያሉ ሁለት ሳምንት አቆይተውኛል። ከዚያ አንድ እሑድ በጠዋት ስምንት ሆነው መጥተው አረዱኝ። ደግ አደረጉ ብዬ ዕድሜ ልኬን ሳመሰግናቸው ነው የኖርኩት። ለዚህችም እናት ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ትንሽ ልንገራት፣ የቀረውን ቀስ ብላ ራሷ ትረዳዋለች ብዬ። ወንድሜ ግን የሞተ ሰው ነበር! ይህችኛዋ እኮ በሕይወት ያለች ልጅ ናት!

"ምን አለች?" አለችኝ ሐኪሟ።

አልዋሽም፣ እንደገና ላለሰልሰው ዳድቶኝ ነበር። ሰይጣን አይደል? ሁለቱም እኔን ነው የሚያምኑት፤ በምን ያውቁብኛል? ግን ልጅቷን አየኋት። ከንፈሯ ጠቆር ብሏል። እናቲቱ ያለችውን አንድም ሳላስቀር ለሐኪሟ ነገርኳት።

ሐኪሟ ፊቷ ደም ጠፋበት። "እኔ እንዲህ አልኩ?" አለች።

"አንቺ አላልሽም። እሷም አልተሳሳተችም። እኔ ነኝ" አልኩ።

ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። አልጮኸችም። ነርስ ጠርታ ልጅቷን ከነወረቀቷ ወደ መጫወቻ ክፍል አስወሰደቻት። ከዚያ ወንበሯን ወደ እናቲቱ አስጠግታ፣ እኔን "እኔ የምለውን እንዳለ ንገሪያት፤ አትቀንሺ፣ አትጨምሪ" አለችኝ። እንደ አሽከር ታዘዝኩ።

"ልጅሽ በዚህ ሰመር ቀዶ ሕክምናው ካልተደረገላት ልትሞት ትችላለች" አልኩ። ከአፌ ሲወጣ የራሴ ድምፅ አልመሰለኝም። "ያን ያህል መንገድ በአውሮፕላን መብረርም፣ የአዲስ አበባ ከፍታም ለልቧ አደጋ ነው።"

እናቲቱ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። "ምን ይላሉ እትዬ?" አለችኝ። ደገምኩላት። ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ስታለቅስ ድምፅ አልነበራትም፤ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚርገበገበው። ሐኪሟ እጇን ያዘቻት። እኔ የት ልግባ? ወለሉን አየሁ።

እናቲቱ ስልኳን አወጣችና ለባሏ ደወለች። "ጉዞው ቀርቷል። የያዝከውን ትተህ ና" አለችው፣ ሌላ ምንም ሳትጨምር። ቀዶ ሕክምናው በወሩ ውስጥ ተደረገ። ቱቦው ተቀየረ፤ ልጅቷ ዳነች፤ ዛሬ ትምህርት ቤት ናት። ተመስገን።

ግን ያን ቀን ከዚያ ክፍል ገና አልወጣንም ነበር። እናቲቱ ፊቷን በመዳፏ ጠረገችና ወደ እኔ ዞረች። እርግማን ጠብቄ ነበር፤ ይገባኝም ነበር። እሷ ግን ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

"እዚህ ሲሠሩ ስንት ዓመትዎ ነው?"

"ዘጠኝ" አልኳት።

"ለስንት እናት ነው እንዲህ የነገሩት?"

ሐኪሟ "ምን አለች?" አለችኝ። ተረጎምኩላት። እጇ ጠረጴዛው ላይ ቀጥ አለ። በምሳ ሰዓት የሚያገላብጡት ያ ሁሉ ፋይል ነው የታያት፤ ለኔም የታየኝ እሱ ነው። ሁለቱም መልስ ይጠብቃሉ። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ፣ አላውቅም አልኩ።