አራት ቀን በእህቴ ከተማ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ አዳማ

መናኸሪያው ገና ጭር ብሏል፤ የአሰላው ሚኒባስ ግን ሊሞላ ሦስት ሰው ብቻ ቀርቶታል። ሦስቱ እኛ ነን፦ እኔ፣ ባለቤቴ ታደሰ እና ልጃችን ማርታ።

ማርታ አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት። የመንፈቅ ዓመት ፈተና ጨርሳ የአንድ ሳምንት ዕረፍት ስታገኝ የት እንውሰድሽ ብለን ጠየቅናት። ላንጋኖ ትላለች ብዬ ስጠብቅ “አሰላ፣ አክስቴ ጋ” አለች።

አክስቷ ሰብለ የእኔ ታናሽ ናት። አሰላ ካሉት ኮሌጆች በአንዱ ታስተምራለች። ከአዳማ ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ እኔ ግን እህቴ እዚያ በኖረችባቸው አስራ አንድ ዓመታት አንድም ቀን ሄጄ አላውቅም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስራ በዛብኝ እላለሁ። እውነቱ ቅናት ነው። ይህን ማስታወሻ ለመጻፍ ስቀመጥ ለስለስ ያለ ቃል ፈልጌለት ነበር፤ አላገኘሁም።

1 ሰዓት ተኩል፣ ኢተያ

መልካሳ ላይ አዋሽን ተሻግረን ዴራን ካለፍን በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው። የአዳማ ሙቀት ከኋላችን ቀረ። ግራና ቀኙ የታጨደ የስንዴ ማሳ፣ ቤት የሚያህል የጭድ ክምር፣ ወፍጮ ቤት ደጅ የተደረደረ ጆንያ፣ ስራውን ጨርሶ መንገድ ዳር የቆመ ኮምባይነር። ኢተያ ላይ ሾፌሩ ሊያሳርፈን ቆመ፤ ፓስቲ በሻይ በላን።

ሾፌሩ ጠና ያሉ፣ ጨዋታ የሚወዱ ሰው ናቸው። ማርታን የምትሄደው ለትምህርት እንደሆነ ጠየቋት። ለዕረፍት መሆኑን፣ ኮሌጁን ግን እንደምታይ ነገረቻቸው። አሰላ ብርዷን ለቻለ ተማሪ እንደምትመች ሲነግሯት፣ “ችግር የለም፣ አክስቴ ጃኬት ገዝታልኛለች” አለች።

ስለ ጃኬቱ የሰማሁት ያኔ ነው። የልብስ ሰፊ ልጅ ጃኬት ከአክስቷ ትጠብቃለች። የቀረኝን ፓስቲ ለታደሰ ሰጠሁት።

2 ሰዓት ተኩል፣ አሰላ

የጭላሎ ተራራ እስከ ግማሹ ድረስ ደመና ለብሷል። ሰብለ መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ትጠብቀናለች፤ ማርታ የያዘችልኝን ቦርሳ እጄ ላይ ትታ ወደ እሷ ሮጠች።

የባጃጁ ሾፌር “ቲቸር” ይላታል። ባለሱቁ ከመደርደሪያው ጀርባ ወጥቶ ሰላም ይላታል። እሷም ከአንዱ ጋር በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ ትጨርሳለች። ቤቷ ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱን ግድግዳ መጽሐፍ ሞልቶታል፣ መስኮቱ ተራራውን ያያል። ታደሰ ቤቱን ሲያደንቅ እኔ መጋረጃውን እያየሁ ጫፉ ጠማማ መሰፋቱን ተናገርኩ። ሰብለ ስቃ “ላንቺ ነው ያቆየሁት፣ እትዬ” አለችኝ።

ጎረቤቷ አዴ ፋጡማ ጩኮና እርጎ ይዘው መጡ። ከገብስ ዱቄትና ከቅቤ የተሰራው ጩኮ አፍ ላይ ይቀልጣል። እህቴ ስለ እኔ ሳታወራ እንደማትውል፣ “በመርፌ ያስተማረችኝ እህቴ” እያለች እንደምታነሳኝ ነገሩኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ሌላስ ምን ነግራቸው ይሆን ብዬ ፈራሁ።

ዓርብ፣ 3 ሰዓት፣ ኮሌጁ

ጥበቃው ለሰብለ ብድግ ብሎ በሩን ከፈተ። ባህር ዛፍ፣ ረጃጅም የመማሪያ ክፍሎች፣ ሳር ላይ ተቀምጠው የሚያጠኑ ልጆች። ማርታና ሰብለ ከፊት ይሄዳሉ። አረማመዳቸው አንድ ነው፤ ትከሻቸውን እንኳን እኩል ያነሳሉ። ልጄ እኔን ቤት ውስጥ ጠይቃኝ የማታውቀውን ሁሉ ትጠይቃታለች፦ ስለ ላቦራቶሪው፣ ስለ ዶርሙ፣ ስለ ምርምሩ።

የሰብለ የስራ ባልደረባ የሆነ አንድ መምህር መንገድ ላይ አገኘን። ማርታን አይቶ ሰብለን “ልጅሽ ናት እንዴ? ቁርጥ አንቺን” አላት።

ከሰብለ ቀድሜ መለስኩ።

“ልጅቷ የእኔ ናት” አልኩት። “እሷንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አባታችን ሲታመም እዚህ ኮሌጅ የደረሰኝን ቦታ ትቼ መኪና ላይ ቁጭ ያልኩት ለእሷ ብዬ ነው።”

የስፌት መኪናዬን ማለቴ ነው። መምህሩ የሰዓቱን ማሰሪያ ነካካ። ሰብለ መሬት መሬት አየች፤ ከዚያ “እውነት ነው፣ እሷ ናት ያስተማረችኝ” አለች ቀስ ብላ። ማርታ ዞራ አየችኝ። ያ አስተያየት ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም።

ቅዳሜ፣ 2 ሰዓት፣ የሰብለ ጓሮ

ታደሰና ማርታ ገበያ ሊያዩ ወጥተዋል። እኔና እህቴ ልብስ እናሰጣለን፤ ውሃው ጣት ይቆርጣል። ስለ ትናንቱ ይቅርታ ልጠይቃት ስዘጋጅ ቀደመችኝ።

“እትዬ፣ ያስተማርሽኝን እስክሞት አልረሳውም” አለች። “ግን አባዬ የታመመው አንቺ ከኮሌጅ ከተመለስሽ ከሁለት ወር በኋላ ነው። እኔ ያኔ አስራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ አስታውሳለሁ።”

አንድ አንሶላ ከባልዲው አንስቼ ጨመቅኩ።

“እኔ ዝም ብዬሽ እኖር ነበር። ማርታ ግን ከአዳማ ውጪ ያለ ዩኒቨርሲቲ ምርጫዋ ውስጥ ላታስገባ ወስናለች። ‘እናቴ ለቤተሰብ ብላ ትምህርቷን ትታ እኔ እንዴት ጥያት እሄዳለሁ’ ትለኛለች። በየሳምንቱ ስልክ ላይ ታለቅሳለች።”

መጀመሪያ የተሰማኝ ጸጸት አይደለም። ለምን ለሰብለ ነገረቻት የሚል ንዴት ነው። ልጄ እንባዋን እንኳን ለእህቴ ነው የምታደርሰው። የያዝኩትን አንሶላ ገመዱ ላይ ሰቅዬ ከጀርባው ቆምኩ፤ ፊቴን እንዳታይ።

9 ሰዓት፣ ጭማቂ ቤት

ማርታን ለብቻዋ ይዣት ወጣሁ። አቮካዶ ታዘዘ። እኔ አልነካሁትም።

ትምህርቴን ስተው አባቴ ታሞ እንዳልነበረ ነገርኳት። ኮሌጁ መግባቴን፣ ዶርም መያዜን፣ በዘጠነኛው ቀን ማንም ሳያየኝ ሻንጣዬን ይዤ ወደ አዳማ መመለሴን ነገርኳት። በኋላ አባቴ ሲታመም ለመመለሴ ምክንያት ሆነልኝ፤ ዓመት ባለፈ ቁጥር እኔም እያመንኩት መጣሁ።

“ምን ፈርተሽ ነው?” አለችኝ።

“ክፍል ውስጥ መምህሩ ጠየቀኝና ድምፄ ጠፋ። ተሳቀብኝ። በማግስቱም ጠየቀኝ፤ ጠፋ። ሦስተኛውን አልጠበቅኩም።”

ታቅፈኛለች ብዬ አስቤ ነበር። አላቀፈችኝም። ይህን ሁሉ ዓመት ዕዳ ያለባት ይመስላት እንደነበር ነገረችኝ፤ በመሃል ድምፅዋ ተቆረጠ። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ፣ ቀሪውን ሳምንት ሰብለ ጋ መቆየት እንደምትፈልግ ተናገረች። የአገር አቀፉ ፈተና ዝግጅትሽስ የሚለው ቃል አፌ ድረስ መጣ። ሰበብ መሆኑን ስላወቅኩ መልሼ ዋጥኩት።

“ቆዪ” አልኳት።

እሁድ፣ ከ4 ሰዓት ጀምሮ፣ መመለስ

ሁለቱ መናኸሪያ ድረስ ሸኙን። ሰብለን አቅፌ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ሌላ ጊዜ አስራ አንድ ዓመት እንዳልቆይ ብቻ ነው የነገረችኝ። ማርታ አዲሱን ጃኬት ለብሳለች። እጅጌው ይሰፋባታል ብዬ ነበር፤ ልኳ ሆነ።

ሚኒባሱ ቁልቁል ወረደ። ጎንዴ፣ ኢተያ፣ ዴራ። ታደሰ ለምን ዝም እንዳልኩ ጠየቀኝ። እየቀናሁ ነው አልኩት። በሰብለ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ በሁለቱም አልኩት። በእህቴም ሆነ በልጄ ቅናቱ ለቀቀኝ ብዬ አንባቢን አልዋሽም። ማርታ በሦስት ቀን ውስጥ በዚያ ግቢ ከእኔ ይልቅ ብዙ ሰው አውቃለች።

ቤታችን ገብተን መስኮቶቹን እየከፈትን ስልኬ ጮኸ። ማርታ ናት። ኮሌጁ ግቢ ውስጥ ነበረች፤ ሰብለ እሁድም ቢሆን ቢሮ ጉዳይ ስለነበራት እስክትጨርስ ትጠብቃታለች። ሰላም እንኳን ሳትለኝ “ዶርምሽ የትኛው ነበር?” አለችኝ።

ለማንም ነግሬው አላውቅም። ከቤተመጻሕፍቱ ጀርባ እንድትዞር፣ ቁልቁል የሚወርደውን መንገድ እንድትይዝ ነገርኳት። የጫማዋ ድምፅ ይሰማኛል። የድንጋይ ደረጃ እንዳለ ጠየቅኳት፤ አለ አለች። ከደረጃው በስተግራ ሁለተኛው ቤት፣ የመጨረሻው በር።

ድምፁ ቆመ።

“ደረስኩ፣ እማዬ” አለች። “በሩ ክፍት ነው። ሴቶች እያጠኑ ነው። ልግባ?”

“ግቢ” አልኳት።