የምትኩ ኦራል

ካልጋሪ ውስጥ የከባድ መኪና መካኒክ ነኝ። ሙያውን የተማርኩት ግንባር ላይ ነው። ባለፈው እሁድ አንዲት የራንድል ሰፈር የአበሻ ልጅ በመኪናዋ ቤቴ ስታደርሰኝ «ጋሼ፣ ዎሩ ሲያልቅ ምን ጆብ አገኙ?» አለችኝ። ስለ ውጊያው የሚጠይቀኝ ሞልቷል፤ ይህን የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት። መልሱ ይኸው።

ግንባር ሳለን አንድ ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነበር። ውኃ የጫነው ኦራል መኪናችን ኮረብታውን ሲወጣ የኋላ ጎማው ፈንጂ ረገጠ። ከጭነቱ ላይ የተቀመጡት ሁለት ጓዶቻችን ወዲያው ሞቱ። ሹፌራችን ምትኩ «ሞተሩ ደህና ነው» ብሎ ከጋቢናው ወረደ። ሁለተኛው ፈንጂ እግሩ ሥር ነበር። እስከ ስድስት ሰዓት አስከሬን አነሳን። ከሰዓት በኋላ ኦራሉን ጎትተን ጋራዥ አስገባን።

በዓመቱ ሰላም ሆነ። ጦሩ ሲወጣ የሰፈርንበት፣ ከጦሩ በሚያገኘው ገቢ የሚኖረው ከተማ ባዶ እጁን ቀረ። ጠላ ሻጩ፣ ልብስ አጣቢው፣ እኛም መካኒኮቹ ሥራ ፈታን። ሆድ ደግሞ ሰላም ሆነ ብሎ አይታገስም። ጋራዡን ከጦሩ ለተሰናበትን ለአምስታችን ሲሰጡን የኦራሉን ሞተር አውጥተን ወፍጮ ገጠምንበት። ሴቶቹ ግን «ሰው የሞተበት ሞተር እህላችንን አይፈጭም» ብለው ግማሽ ቀን ተጉዘው ሌላ ቦታ ያስፈጩ ነበር። ከአምስታችን ሁለቱ ጠመንጃ ይዘው ጫካ ስለመግባት ማውራት ጀመሩ። የጋራዡ አለቃችን «ከእንግዲህ አዲስ ሞተር ነው በሉ» አለን።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የምትኩ እናት ጤፍ በአህያ አስጭነው መጡ። የዚያው ወረዳ ሰው ናቸው። ሌሎች ሴቶች ከኋላቸው ቆመው ያያሉ።

«ለተዝካሩ ነው» አሉኝ። «እውነቱን ንገረኝ ልጄ፤ ይሄ የምትኩ መኪና ሞተር ነው?»

«አይደለም እማማ። አዲስ ነው።»

እጃቸውን ሞተሩ ላይ አሳረፉ።

«እኔስ የሱ ቢሆን ደስ ባለኝ። ለተዝካሩ ራሱ እንደፈጨልኝ እቆጥረው ነበር።»

አፌን ከፈትኩ። ሴቶቹ ጆንያቸውን ማውረድ ጀምረው ነበር። አፌን መልሼ ዘጋሁና ሞተሩን አስነሳሁ።

ከዚያ ወዲያ ወፍጮው ሥራ አልፈታም። ጫካ የገባም የለም። ያን ጠዋት የሞቱት ሦስት ናቸው፤ ምትኩ፣ አስር አለቃ ገብሬ፣ ሰይድ። በስማቸው ስቆጥራቸው አላለቅስም፤ ያኔም አላለቀስኩም። የምትኩ እናት ከተዝካሩ በሁለተኛው ዓመት አረፉ። የልጃቸው ሞተር እንደፈጨላቸው አልነገርኳቸውም።